ስልሳ ጎረቤት በአንድ ሸራ፦ ከጭንቅላት ቁመት ጀምሪ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ጎረቤቶቻችንም እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ሰፈሩን ከነሰዉ ሁለት በሦስት ሜትር ሸራ ላይ ልሥለው አስቤያለሁ። ስልሳ የሚሆኑ እውነተኛ ሰዎች ይኖሩበታል። ፖርትሬት፣ የአንድ ሰው መልክ ብቻ መሣል፣ አይከብደኝም። ብዙ ሰው ሲሆን ግን ወይ የሰዎቹ መልክ አይመጣም፣ ወይ ከተማው ይጠፋብኛል። ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከየት ልጀምር? ደግሞስ ከፎቶ መሣል ነውር ነው?»

እህቴ፣ ችግርሽ የእጅ አይደለም። አንድ ፊት በደንብ የምትሠራ ሰው ስልሳም ትሠራለች። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል ሲጀምር መጀመሪያ ቤቶቹን፣ መንገዱን፣ የመብራት እንጨቱን ይነድፋል። ከዚያ ሰዎቹን ባገኘው ክፍት ቦታ ይሰካል። ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ነው። የተረፈው ቦታ ለፊት የሚበቃ ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ ሸራ ከመወጠርሽ በፊት አንድ ቁጥር ወስኚ። ከፊት የሚቆመው ሰው ጭንቅላት፣ ከአገጭ እስከ አናት፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል? ከተማው ከዚያ ቁጥር ይወጣል።

ለምን እንደሆነ ላሳይሽ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 23 ሴ.ሜ ገደማ ነው። ተመልካች ከሥዕልሽ ሁለት ሜትር ርቆ ቢቆም፣ 7 ሴ.ሜ አድርገሽ የሣልሽው ጭንቅላት ስድስት ሜትር ተኩል ላይ እንደቆመ ሰው ይታየዋል። 4 ሴ.ሜ ከሆነ አሥራ አንድ ሜትር ተኩል ላይ እንዳለ ሰው ነው። 2 ሴ.ሜ ከሆነ ደግሞ ሃያ ሦስት ሜትር ላይ። አሁን ራስሽን ጠይቂ። ሰፈር እያለሽ ጎረቤትሽን በሃያ ሦስት ሜትር ርቀት በምን ነበር የምትለዪው? በዓይኑ ቅርጽ እንዳትዪኝ። በአካሄዱ ነው። በትከሻው፣ በኮፍያው፣ ከዘራውን በሚይዝበት እጁ ነው። በስድስት ሜትር ግን ፊቱን ታነቢያለሽ፤ ኩርፊያውን ሳይቀር።

ከዚህ ስልሳው ሰው ስልሳ ፖርትሬት እንዳልሆነ ይገባሻል። ሁሉም እኩል ፊት ይኑረው ካልሽ ሥዕሉ የመታወቂያ ፎቶ የተለጠፈበት ሰሌዳ ነው የሚሆነው። እኔ ብሆን ስምንት ወይም ዘጠኙን ከፊት፣ በሙሉ ፖርትሬት አስቀምጣለሁ። ሃያ የሚሆኑትን ከመሀል፣ ፊታቸው በጥቂት የብሩሽ ምት ተይዞ። የቀሩት በቁመናና በልብስ ብቻ ይታወቃሉ። የኋለኞቹ ተበደሉ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሰው ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይበልጥ እሱን ነው። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ።

ቀጥሎ የምትወስኚው የዓይንሽን ከፍታ ነው። ሰፈሩን የምታዪው ከየት ሆነሽ ነው? መንገድ ላይ ቆመሽ ከሆነ፣ ሜዳማ መሬት ላይ የቆመ አዋቂ ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ ዓይኑ የአድማስ መስመሩ (በዓይንሽ ከፍታ ልክ ሸራውን አግድም የሚያቋርጠው መስመር) ላይ ያርፋል። ጭንቅላቶቹ እንደ ጨሌ በአንድ ክር ይደረደራሉ። የፊተኛው ረድፍ የኋለኛውን ይሸፍነዋል፤ ከተማውም ከሰዎቹ አናት በላይ ጣሪያ ጣሪያው ብቻ ይቀራል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኩርቤ የኦርናን ከተማ ሰዎችን ቀብር ላይ ሲሥል ይህንኑ መንገድ ነው የመረጠው (እዚህ የምጠቅሳቸው የውጭ ሥዕሎች ዓመት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሥራው ከ1849 እስከ 1850 ተሠራ። የከተማውን ሰዎች እየጠራ በእውነተኛ ቁመታቸው ሣላቸው። ከተማዋ ግን ከኋላ በሚታዩት ገደሎቿ ብቻ ነው የምትታወቀው። ለእሱ ቀብር ስለነበር በቂው ነው። ደግሞም ከስድስት ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት ያለው ሸራ ነበረው። አንቺ ያለሽ ሦስት ሜትር ነው። የምትፈልጊውም ሰፈሩን ነው።

ስለዚህ ከፍ በዪ። አንደኛ ፎቅ ሰገነት ላይ የቆምሽ ያህል፣ ዓይንሽ ከመሬት 5 ሜትር ከ10 ይሁን እንበል። ቁጥሩን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት፤ የአንድ ሜትር ከሰባ ሰው ሦስት እጥፍ ነው። ከዚያ ሕጉ ቀላል ይሆናል። መሬቱ ሜዳ እስከሆነ ድረስ፣ ሰውዬው የትም ይቁም፣ በሸራው ላይ ያለው ቁመት ከእግሩ እስከ አድማስ መስመሩ ያለው ርቀት አንድ ሦስተኛ ነው። ጭንቅላቱ ደግሞ ቁመቱ ለሰባት ተኩል ተካፍሎ የሚመጣው ያህል ነው።

በአንቺ ሸራ ላይ እንሞክረው። የአድማስ መስመሩን ከታች 160 ሴ.ሜ ላይ አስምሪ። እግሩ የሸራው የታችኛው ጠርዝ ላይ ያረፈ ሰው 53 ሴ.ሜ ይረዝማል፤ ጭንቅላቱ 7 ሴ.ሜ ይመጣል። እግሩ ከታች 70 ሴ.ሜ ላይ ያረፈው 30 ሴ.ሜ ይሆናል፤ ጭንቅላቱ 4። ከታች 115 ሴ.ሜ ላይ ያለው 15 ሴ.ሜ፤ ጭንቅላቱ 2። ሦስቱ ቡድኖችሽ ራሳቸው ቦታ ያዙ ማለት ነው። ከዚህ የሚተልቅ ፊት ካስፈለገሽ እግሩን ከሸራው ውጪ አውጪው። ከአድማሱ 200 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ የሚቆም ሰው ወገቡ ድረስ ይታያል፤ ጭንቅላቱም 9 ሴ.ሜ ይደርሳል። ሁለት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ይበቁሻል። ሦስተኛው መንገዱን ይዘጋብሻል።

ፒያሳ ሜዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቁልቁለቱ ሕጉን ያዛባዋል። መፍትሔው በር ነው። ሰውዬው አጠገብ ያለውን በር ለኪ፤ በር ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ሰው ከበሩ አንጻር ልክ ከሆነ ማንም ተመልካች አይጠራጠርም። ቁልቁለት ደግሞ ሸክም ብቻ አይደለም፣ ስጦታም ነው። ዳገት ላይ የቆመው ሰው ከፊቱ ካለው ሰው በላይ ይታያል። ደረጃ የሚወጣ ሰው አካሉ ተቆርጦ ፊቱ ብቻ ብቅ ይላል። የፍሎረንሱ ሠዓሊ ጊርላንዳዮ ይህን በደንብ ያውቅበት ነበር። በ1480ዎቹ ፍሎረንስ ውስጥ በሳንታ ትሪኒታ ቤተ ክርስቲያን፣ በሳሴቲ ቤተ ጸሎት ግድግዳ ላይ፣ ገጣሚው ፖሊዚያኖ የከተማውን ኃያል ሰው የሎሬንዞ ደ ሜዲቺን ልጆች እየመራ ከታች በደረጃ ሲወጣ ሥሎታል። ከኋላቸው የከተማው ዋና አደባባይ ይታያል። ሁሉም የታወቁ ሰዎች ናቸው። ማንም ማንንም አልሸፈነም። የሥዕሉ ታሪክ፣ ጳጳሱ የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ማኅበር ደንብ ማጽደቁ፣ የተፈጸመው ሮም ሲሆን እሱ ያለምንም ይቅርታ ወደ ፍሎረንስ አምጥቶታል።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አንቺ ስለፈረሰ ሰፈር ስለሆነ የምትሥዪው፣ እያንዳንዱን ግድግዳ በትክክል የማስቀመጥ ግዴታ ያለብሽ ይመስልሻል። የለብሽም። የቬኒሱ ሠዓሊ ጄንቲሌ ቤሊኒ በ1496 የቬኒስን የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሲሥል ትልቁን የደወል ግንብ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎታል፣ ከኋላው ያለው እንዲታይለት። ሥዕሉ ከሰባት ሜትር በላይ ነው። ከፊት ነጭ የለበሱ የአንድ መንፈሳዊ ማኅበር አባላት በሰልፍ ያልፋሉ፤ ፊታቸውም የእውነተኛ ሰዎች ፊት ነው። አንድም ቬኒሳዊ ግንቡ ቦታውን ለቀቀ ብሎ ከተማዬ አይደለችም አላለም። ዳቦ ቤቱን ሁለት ሜትር ወደ ግራ ብትወስጂው ሰፈርሽ ሰፈርሽ ነው። ዳቦ ቤቱና የቧንቧው ቅደም ተከተል ከተምታታ ግን ጎረቤቶችሽ አይምሩሽም። ርቀትን ቀይሪ፤ ተራን አትቀይሪ።

የቤሊኒ ሥዕል ሌላም ነገር ያስተምራል። ሰዎቹ እዚያ የቆሙበት ምክንያት አላቸው። በዓል ነው፤ ሰልፍ ነው። ያለ ምክንያት የተሰበሰበ ሕዝብ ከመቅጽበት የክፍል ፎቶ ይመስላል። አንቺ ስልሳ ሰው ምን አሰባሰበው? መጀመሪያ የሚመጣልሽ ጥምቀት ይሆናል። ያምራል፤ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ግን ዶሮ ማነቂያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግድግዳ ተጋርቶ የኖረበት ሰፈር ነው። በጥምቀት ሥዕል ግማሹ ባለቤት ግማሹ ተመልካች ይሆናል። ደመራም አልመክርሽም። ከሥር የሚመጣ የእሳት ብርሃን የማንንም መልክ ይለውጣል። የእድር ድንኳን ሁሉን ያሰባስባል፤ ነገር ግን ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሐዘን ይሆንብሻል።

የኔ ምርጫ ዝናብ ያባራበት ሰዓት ነው። ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ። ሰው ከየጥጉ ይወጣል። አንዱ ገና ከታዛው ሥር ነው። አንዷ ጃንጥላዋን ታራግፋለች። ጫማ ጠራጊው ዕቃውን መልሶ ይዘረጋል። ልጆች ጎርፉን ይዘላሉ። ባለሱቁ ላስቲኩ ላይ የተጠራቀመውን ውኃ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ይገፋል። ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ጠባዩ የሚሰጥ ሥራ አለ። ለሠዓሊ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አለው። አንደኛ፣ እርጥብ አስፋልት ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ከአገጭና ከቅንድብ ሥር ያለውን ጥላ ያቀልልሻል። ሁለተኛ፣ ዝናብ ያባራ እንደሆነ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። አንቺ ከሰገነት ነው የምታዪው። ከላይ የሚታይ ሰው ደግሞ ዋናው ችግሩ አናቱ በዝቶ ፊቱ ማነሱ ነው። ቀና ያለ ፊት ያንን ይፈታልሻል። ሁሉንም ግን ቀና አታድርጊ፤ አውሮፕላን ያለፈ ይመስላል። አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል፤ እነሱንም ከፊት ቡድን ምረጪ።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። ነውር አይደለም። ከ160 ዓመት በፊትም ነውር አልነበረም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ፓወል ፍሪዝ የለንደኑን የፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ በ1862 ሲያሳይ ጣቢያውን በባለሙያ ፎቶ አስነስቶ ነበር። ሸራው ካንቺው ያንሳል፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአሥራ ሰባት፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሕዝቡ ይርመሰመሳል። መሀል ላይ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚሸኙት ራሱ ፍሪዝና ቤተሰቡ ናቸው። በቀኝ በኩል ወንጀለኛ የሚይዙት ሁለቱ ሰዎች በዘመኑ የታወቁ የለንደን መርማሪ ፖሊሶች ናቸው፤ ሄይደንና ብሬት። የጣቢያውን የብረት ጣሪያ ደግሞ ራሱ አልሣለውም፤ ሌላ ሰው አሠራ። ሁሉን ነገር እኔው ካልሠራሁት ብሎ መሟገት የትምህርት ቤት በሽታ ነው። መስመር የሚያውቅ ጓደኛ ካለሽ ሕንጻዎቹን ያግዝሽ።

ፎቶ የሚያበላሸው ሌላ ቦታ ነው። በዚህ ዓይነት ሥዕል ላይ ደጋግሜ የማየው ጉድለት ይህ ነው፤ አካሉ ከላይ የታየ፣ ፊቱ ፊት ለፊት የተነሳ። ፊቱ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል፤ ነውም። ዓይንሽ አምስት ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነና ሰውዬው አሥር ሜትር ርቆ ከቆመ፣ ወደ ሃያ ዲግሪ ያህል አዘቅዝቀሽ ነው የምታዪው። ፎቶውም እንደዚያው መነሳት አለበት። ስለዚህ ጎረቤቶችሽን በያሉበት ስትጎበኚ ደረጃ ፈልጊ። ኮንዶሚኒየም የገባ ካለ ደረጃው እዚያው ነው። አንቺ ከላይ፣ እሱ ከታች። ስልኩን ፊቱ ላይ አታስጠጊው፤ ቅርብ ከሆነ አፍንጫን ያሳብጣል፣ ጆሮን ይደብቃል። ሦስት ሜትር ያህል ራቂና ዙም አድርጊ።

ሰዓቱም አንድ ይሁን። አንዱን በጧት፣ ሌላውን በቀትር፣ ሦስተኛውን በአምፖል ካነሳሽ ስልሳ ሰው ስልሳ ፀሐይ ይኖረዋል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከፍታዋም 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፣ የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ቀዳዳ ይሆናል። ከጧቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት አካባቢ አንሺ። ሥዕልሽ ከዝናብ በኋላ ከሆነ ደመናማ ቀን ከሁሉ ይሻላል። ብርሃኑ ከግራ ነው ብለሽ ከወሰንሽ ሁሉንም ከግራ። ይህን የወረቀት ጫፍ ላይ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው፤ ቡና እየጠጣሽ ጨዋታ ሲይዝሽ ይረሳል።

ፎቶ ካነሳሽ በኋላም አንድ ገጽ በእርሳስ ንደፊ። ሰውዬው ተቀምጦ ሳይሆን ሲንቀሳቀስ። የመሀልና የኋላ ሰዎች በዚህ ንድፍ ነው የሚድኑት። ፎቶ አካሄድ አያሳይም።

የፈረሰውን ከተማ ከየት ታገኚዋለሽ? ከሰርግ ቪዲዮ። እውነቴን ነው። የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ የራሱ ወይም የእህቱ ሰርግ ቪዲዮ አለው። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ከኋላቸው ያለውን ተመልከቺ። የእንጨት በረንዳው፣ የቆርቆሮው ዝገት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ የሱቁ መዝጊያ ቀለም ሁሉም እዚያ አለ። ካሜራው ሲዞርም መንገዱ ተከታትሎ ይታያል፤ ይህን ነጠላ ፎቶ አይሰጥሽም። የክርስትና፣ የምርቃት፣ የለቅሶ ፎቶም ጠይቂ። ማንም ሆን ብሎ ያላነሳው ጀርባ ከሁሉ የታመነ ምስክር ነው። የድሮ የሳተላይት ምስልም በቀላሉ ይገኛል፤ የጣሪያዎቹን አቀማመጥ ከዚያ ታረጋግጫለሽ።

ወደ ሸራው ስትመጪ ቀለም አትንኪ። ካኪ ወረቀት ግዢ። እያንዳንዱን ሰው በሒሳብሽ መሠረት በትክክለኛ መጠኑ ንደፊና በመቀስ ቁረጪው። ሸራው ላይ በስሱ በሚይዝ ፕላስተር ለጥፊ። አንሺ፣ አውርጂ፣ አቀያይሪ። ለሳምንታት እንደዚያ ይቆይ። ቁጭ ብለሽ ስታዪው የማይገናኙ ሰዎች ይገናኛሉ፤ መጠኑ የተሳሳተውም ራሱ ይጮሃል። ወረቀት ማንቀሳቀስ ምንም አያስከፍልም። የተቀባ ሰው ማንቀሳቀስ ግን የወር ሥራ ነው።

ቀለም ስትጀምሪ ከተማውን በሦስት ቃና ብቻ ሙዪ፤ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን። የእያንዳንዱን ሰው ፊት ደግሞ ምንም መልክ ሳትሰጪ አንድ ሞላላ የቀለም ጠብታ አድርጊ። ከዚያ ስድስት ሜትር ርቀሽ ቁሚ። ሞላላዎቹ ካልታዩሽ መልክ ብትሠሪላቸውም አይታዩም። እዚህ ላይ የቆዳችን ቀለም ጥያቄ ይመጣል። ጠይም ፊት ከጨለማ በር ፊት ከቆመ ይጠፋል። ብዙዎች የሚያደርጉት ፊቱን በነጭ ማቅላት ነው። ፊቱ አመድ ይለብሳል፤ ሰውዬውም የታመመ ይመስላል። ፊቱን አትንኪው፤ ከኋላው ያለውን ቀይሪ። የተለሰነ ግድግዳ፣ ነጠላ፣ የእርጥብ መንገድ ብልጭታ ከኋላው አስገቢ። ግንባሩና ጉንጩ ላይ ደግሞ ሰማዩን አስቀምጪ። ደመናማ ሰማይ ጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰማያዊ ግራጫ ነው የሚሆነው። በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) ላይ ጥቂት አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) እና በጣም ትንሽ ነጭ። ጥላው ግን ይሙቅ፤ ቡናማና ቀይ ይበዛበት። ብዙ ሠዓሊ ይህን ገልብጦ ነው የሚሠራው።

መልክ የሚመጣው ከምን እንደሆነ እያንዳንዱን ፊት ስትጀምሪ አስቢ። በ4 ሴ.ሜ ጭንቅላት ላይ ዓይን ውስጥ ብሌን መሣል አያስፈልግም። የዓይን ጉድጓዱ ጥላ፣ የአፍንጫው ሥር ጥላ፣ የታችኛው ከንፈር ሥር ጥላ፣ የፀጉሩ መነሻ። እነዚህ አራቱ ርቀታቸው ልክ ከሆነ እናቱ ታውቀዋለች። አንዱ በሁለት ሚሊ ሜትር ከሳተ ሌላ ሰው ነው፤ ብሌን ብታበዢበትም አይመለስም። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንገቱን አስተካክዪ። ሰው አንገቱን የሚይዝበት አያያዝ እንደ ፊርማው የራሱ ነው።

በጎን ስለመሣል አንድ ነገር ልበልሽ። በእኛ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል። በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚታየው ጠላት ነው፣ ሰይጣን ነው። የዓድዋ ሥዕሎች ላይ ኢጣሊያኖቹን ተመልከቻቸው። ዛሬ ሕጉ የለም፤ ግን በዚያ ሥዕል መሀል ያደጉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። እማማ እከሌን ሙሉ በሙሉ በጎን ከሣልሻቸው «ምን ባደርጋት ነው?» ሊሉ ይችላሉ። ትንሽ ወደ ፊት አዙሪያቸው። ሥዕሉም የሚጎዳ አይደለም፤ ሦስት አራተኛ ፊት መልክ ለመያዝ ከጎን ይሻላል።

ጽሑፍ ቀንሺ። የሱቅ ስም፣ የሞባይል ካርድ ማስታወቂያ፣ ታርጋ። ማንበብ የሚችል ሰው ፊት ከማየቱ በፊት ፊደል ያነባል፤ ራሱን አይገዛም። አንድ ሰሌዳ፣ ሰፈሩ የሚታወቅበትን፣ በግልጽ ጻፊ። ሌሎቹ ቀለምና ቅርጽ ይሁኑ።

ስለ ሸራው ባጭሩ። ሁለት በሦስት ሜትር በአብዛኛው የኮንዶሚኒየም ደረጃ አይወጣም፣ በርም አይገባም። ለሁለት ክፈዪው፤ አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ሁለት። አቡጀዲም ቢሆን በደንብ ጄሶ ከተቀባና ፍሬሙ መሀሉን መስቀለኛ እንጨት ካለው ይይዛል። መጋጠሚያው በሰው ላይ እንዳያልፍ። የመብራት እንጨት አቁሚበት፤ ፒያሳ እንጨት አላጠረውም።

ከሰዎቹ ጋር ያለውን ጉዳይ ቀላል አታድርጊው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ የሆነን ነገርና ባህላዊ ጥቅምን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። እሱን ተማምነሽ ግን አትሂጂ። ያንቺ ሰዎች መንገደኛ አይደሉም፤ ሆን ብለሽ የመረጥሻቸው ናቸው። ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ያዢ። ሥዕሉ ሊሸጥ እንደሚችል፣ ፖስተር ሊሆን እንደሚችል ገና ከመጀመሪያው ንገሪያቸው። ልጆች ካሉ ወላጆቻቸው ይፈርሙ። እምቢ ያለውን ሰው በጃንጥላ ሸፍኜ አስገባዋለሁ አትበዪ። ሰፈሩ በጃንጥላውም ያውቀዋል። ተዪው። የሞተን ሰው ማስገባት ይቻላል፤ ሜክሲኳዊው ሠዓሊ ሪቬራ በ1947 የሜክሲኮ ከተማን የአላሜዳ መናፈሻ ሲሥል ከአንድ መቶ በላይ ሰዎች ውስጥ ሕያዋንና ሙታንን ቀላቅሏል። እንዲያውም ራሱን በልጅነቱ አስገብቷል። ያንቺ ግን የታሪክ ሰዎች ሳይሆኑ የሰው አባትና እናት ናቸው። ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሪ፤ የትኛውን ልብስ ይልበስ የሚለውንም እነሱ ይንገሩሽ።

ከዚያ የቦታ ጠብ ይመጣል። «እሷን ከፊት፣ እኔን ከኋላ?» ይህ ከጥንትም አለ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በ1642 የጨረሰው ትልቁ የአምስተርዳም ዘበኞች ሥዕል ላይ አባላቱ በአማካይ መቶ መቶ ጊልደር (የዘመኑ የሆላንድ ገንዘብ) ከፍለዋል፤ ሥዕሉ ላይ እንደያዙት ቦታ ግን አንዱ ከዚያ በላይ፣ ሌላው ከዚያ በታች። አንቺ ገንዘብ ስለማትቀበዪ ነፃ ነሽ፤ ነፃነትሽን አትሽጪው። ስዕሉ ላይ አዋጥተን እናግዝሽ ካሉሽ በደስታ እምቢ በዪ።

የከተማውን ባዶ ንድፍ ግን፣ ሰው ሳይገባበት፣ ለሁሉም አሳዪ። ቤታቸው የቱ ጋር እንደነበር ይጠቁሙሽ፣ ይከራከሩበት፣ ያርሙት። ሰዎቹ የተለጠፉበትን ወረቀት ለማንም አታሳዪ። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ድረስ ስቱዲዮሽ ተቆልፎ ይቆይ።